ቀዳዳ ያለው ውታፍ

(አፉላ፣ ካኒዮን በሚሉት የገበያ ማዕከል ውስጥ ያለው ሲኒማ ቤት ደጃፍ። ከቀትር በኋላ። ከአፉላ ኢሊት ሰፈር በአንድ አውቶቡስ የወረዱት ሁለት ጡረተኞች፣ ሸጋውና ፈንቴ፣ መንገዱን ሙሉ ሲከራከሩ መጥተው አሁንም አልጨረሱም። ፈንቴ የክብሪት ቀፎ የምታህል የጆሮ ውታፍ ሣጥን ጨብጧል።)

ሸጋው፦ ቀዳዳ ያለው ውታፍ! እስቲ ይሄ ለሰው ይነገራል? ውታፍ ከሆነ ይወትፍ፣ ቀዳዳ ከሆነ ያሳልፍ።

ፈንቴ፦ የኩፓት ሆሊም ክሊኒኳ የጆሮ ባለሙያ ናት የሰጠችኝ። ጩኸቱን ያበርደዋል፣ ንግግሩን ያሳልፈዋል አለች። ያለዚያ ጆሮዬ ይነሣብኛል። በጎረቤቴ በአቪራም ሠርግ ላይ ትንሽ ጨፈርኩና ሦስት ቀን ሙሉ ጭንቅላቴ ውስጥ ሲያፏጭብኝ ሰነበተ።

ሸጋው፦ ታዲያ ቤትህ አትቀመጥም?

ፈንቴ፦ ልጄ ፊልሙ ውስጥ አለች እኮ። ባትኤል። አውቶቡስ ላይ ተቀምጣ አንዲት ነገር ትናገራለች። እሷን ሳልሰማ ልቅር?

ሸጋው፦ እንግዲያው ስማኝ። የምትቀመጠው ከድምፅ ማጉያው ሥር ነው። ድምፅ ወደፊት ነው የሚወረወር፤ ከሥሩ ያለውን ሰው ዘሎት ይሄዳል።

ፈንቴ፦ ባለሙያዋ ከኋላ፣ መካከል ላይ፣ ከማጉያው ራቅ በል ነው ያለችኝ። ሲበዛብህ ደግሞ ወጣ ብለህ አረፍ በል አለች።

ሸጋው፦ እሷ ስንት ዓመት ብረት ቀጥቅጣለች? እኔና አንተ ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ አንድ ማሽን ፊት ሃያ ስድስት ዓመት ቆመናል። ያን የጆሮ መከላከያ አንድ ቀን አድርጌው አውቃለሁ?

ፈንቴ፦ አታውቅም። እንቁላል ታስቀምጥበት ነበር።

ሸጋው፦ ሁለት ጎድጓዳ፣ ሁለት እንቁላል። ሚስቴ ቦሰና ጠዋት ቀቅላ ትሰጠኛለች፣ እስከ ምሳ አይበርድም። ይኸው፣ ጆሮዬ ምን ሆነ?

ፈንቴ፦ ምንም። ብቻ ትንሽ ቀስ ብለህ ተናገር፤ ትኬት ቆራጩ እያየን ነው።

(ገቡ። አዳራሹ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረው። ፈንቴ ከኋላ መካከሉ ላይ ተቀመጠ፤ ሸጋው ፊት፣ ከማጉያው ሥር። መብራቱ ደብዘዝ አለ፣ ሁሉም ጸጥ አለ። ሸጋው እጁን አውጥቶ አስተናጋጇን ሜራቭን ጠራና ማጉያው ስለሚያፏጭ እንድትዘጋው አዘዛት። ማጉያው ገና እንዳልተከፈተ ነገረችው። ወንበር ቀየረ። ደግሞ ቀየረ። በመጨረሻ ፈንቴ አጠገብ መጥቶ ዘፍ አለ።)

ሸጋው፦ እዚህም አለ።

ፈንቴ፦ ምኑ?

ሸጋው፦ ፉጨቱ ነዋ። ከፊት እዚህ ድረስ ተከትሎኝ መጣ። የመብራት መሥመሩ ነው። ቤቴም ያው ነው፤ ሦስት ፍሪጅ ቀያየርኩለት።

ፈንቴ፦ ባቡር ጣቢያስ ትሰማዋለህ?

ሸጋው፦ እሱማ ሐዲዱ ነው።

ፈንቴ፦ ሜዳ ላይስ? ሰውም ማሽንም በሌለበት?

ሸጋው፦ የሜዳ ድምፅ ነዋ። ሜዳ ድምፅ የለውም? (ወደ ፈንቴ ዞሮ) አንተ አትሰማውም?

ፈንቴ፦ ያንተን አልሰማም። እኔ የምሰማው የራሴን ነው።

(ሸጋው ሁለቱን ጆሮዎቹን በመዳፉ ደፈነ። ለቀቀ። እንደገና ደፈነ።)

ሸጋው፦ ስደፍነው ይብሳል።

ፈንቴ፦ (ከኪሱ ሌላ ሣጥን አውጥቶ) ለዚህ ነው ቀዳዳ ያስፈለገው። እንካ፣ ያንተ ነው። ባለሙያዋ ፋብሪካ ውስጥ ከጎንህ የቆመው ማን ነበር ብላ ስትጠይቀኝ የእንቁላሉን ነገር አወራኋት። ሰምታኝ ሳትጨርስ ሁለተኛ ሣጥን አወጣች።

ሸጋው፦ ታዲያ መንገዱን ሙሉ ለምን አልነገርከኝም?

ፈንቴ፦ መቼ ፋታ ሰጠኸኝ?

(ፊልሙ ጀመረ። ሸጋው ያለ ክርክር ውታፎቹን አደረገ። ብዙ መኪና ተገለባበጠ፣ አንድ ድልድይ ፈረሰ፤ ከዚያ ጸጥ ያለ አውቶቡስ መጣ። ባትኤል መስኮቱ ጋ ተቀምጣለች። «ቦታው ባዶ ነው፣ ተቀመጥ» አለች። አውቶቡሱ አለፈ። ፈንቴ በእጁ ጀርባ ዓይኑን ጠረገ።)

ፈንቴ፦ ሰማሃት?

ሸጋው፦ እያንዳንዷን ቃል። (ቆይቶ፣ ሰው በማያውቀው ለስላሳ ድምፅ) ፈንቴ፣ ከዚያ ፋብሪካ ጆሮው ደህና ሆኖ የወጣ ሰው ይኖር ይሆን?

ፈንቴ፦ ሰው እንጃ። የቦሰና እንቁላሎች ግን አንድም ቀን ጮኸብን አላሉም።