ታዝሎ የሚሄድ ባጃጅ

ትናንት በሕልሜ የሐዋሳ ባጃጆች በሹፌሮቻቸው ጀርባ ታዝለው ሲሄዱ አየሁ። ሹፌሮቹ አላጉረመረሙም።

ከመተኛቴ በፊት ለታናሽ እህቴ ለትንቢት፣ ጠዋት የብስክሌቷን ቁልፍ ከእማዬ እንደማስመልስላት ቃል ገብቼላት ነበር። ትንቢት አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ጎረቤታችን እትዬ ዘርፌ «ሴት ልጅ ብስክሌት ላይ ወጥታ ስትከንፍ ሰው ምን ይላል?» ካሉ ወዲህ ብስክሌቱ ዕቃ ቤት ተቆልፎበታል፤ ቁልፉ በእማዬ ነጠላ ጫፍ ላይ ተቋጥሯል። ትምህርት ቤት በእግሯ እንዳትሄድ ደግሞ ማዕዘኑ ላይ ጎረምሶች ይቆማሉ ተብሎ ባጃጅ ተኮናተረላት።

በሕልሜ ግን የተከሰሰችው እማዬ ነበረች። ትምህርት ቤቱ «ልጅ ይዘሽ ነይ» የሚል ደብዳቤ ላከባት። በሩ ላይ እናቶች ዩኒፎርም ለብሰው ተሰልፈዋል፤ ያረፈዱት ተንበርክከዋል። ዳይሬክተሩ የብስክሌት ጎማ ነበር። ካልዞረ ስለሚወድቅ እናቶቹን እየዞረ ነበር የሚያናግራቸው።

«ልጅሽ የት ናት?» አላት እማዬን።

«ቤት ተቀምጣለች» አለች ቀስ ብላ።

እናቶቹ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

እትዬ ዘርፌ ለምስክርነት ቀረቡ። «እኔ ሐሜት አልወድም» ብለው ጀመሩ። «ግን ማክሰኞ ዕለት በዓይኔ በብረቱ አይቻታለሁ። ባጃጅ ውስጥ ቁጭ ብላ፣ ያውም እግሯን አጣጥፋ። ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ! ነገ ማን ያገባታል?»

«ጉልበቷ ሲሠራ ያየ አለ?» አለ ጎማው።

ማንም አላየም።

ወዲያው ቤታችን ነበርን። ሦስት ሽማግሌዎች በራችን ላይ ቆመዋል። ሳያቸው የማዕዘኑ ጎረምሶች ናቸው፤ ጢም አብቅለዋል።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አለቻቸው እማዬ።

«ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አለ ትልቁ። «ልጅሽን ለመንገዱ ስጪልን ብለን ነው የመጣነው። ስታልፍ ፊታችንን ወደ ግድግዳ እናዞራለን።»

«ዘመድ ላማክርና ለሳምንት ተመለሱ» አለች እማዬ፣ እንደ ወጉ።

«ሳምንት ብሎ ነገር የለም» አልኳት። «ትምህርት ቤት ዛሬ ነው።»

እማዬ የነጠላዋን ጫፍ መፍታት ጀመረች። አንዱን ቋጠሮ ስትፈታ ከሥሩ ሌላ ቋጠሮ ነበር። ሁለተኛውን ፈታች፤ ሦስተኛውን ፈታች። የቁልፉ ጫፍ ብቅ አለ።

«ተነሺ!»

እማዬ ራስጌዬ ቆማለች። «ባጃጁ በር ላይ ቆሞ አልነሳ ብሏል። ውጪና ግፊ፣ ልጅቷ ልታረፍድ ነው።»

ትምህርት ቤቱ ከቤታችን አራት መቶ እርምጃ ነው፤ ደወሉ መኝታዬ ድረስ ይሰማል። በነጠላ ጫማ ወጣሁ። እማዬ በግራ፣ እኔ በቀኝ ሆነን ገፋን። ሹፌሩ መሪውን ይዞ «በርቱ» ይለናል። ትንቢት ቦርሳዋን ታቅፋ ከኋላ ተቀምጣለች፤ ዞራ ዞራ ታየኛለች።

እትዬ ዘርፌ ከበራቸው ሆነው «እንዲህ ነው እንጂ፣ ሴት ልጅ በወግ በማዕረግ ስትሄድ» አሉ። ከዚያ ነጠላቸውን አደግድገው መጡና እሳቸውም ከኋላ ይገፉ ጀመር። ማዕዘኑ ላይ ስንደርስ ጎረምሶቹ የእኛን ላብ አይተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ሳቁ።

«እማዬ» አልኩ፣ «ቁልፉን አምጪ።»

«ዝም ብለሽ ግፊ» አለች፣ እያለከለከች።