የመምህር አስረስ ጣት ጠባቂ

ቡታጅራ ውስጥ ስኳር በሽታ የያዘው ሰው ሁለት ሐኪም አለው፤ አንዱ ነጭ ጋዋን ለብሶ ቀጠሮ የሚሰጥ፣ ሌላው ቀጠሮ የሚባል ነገር የማያውቅ የአጥር ማዶ ጎረቤት። የመጀመሪያውን በየጊዜው ማየት ይበቃል። ከሁለተኛው ግን ማምለጫ የለም።

የመምህር አስረስ የአጥር ማዶ ሐኪም ክብርት ወይዘሮ ዛህራ ነበሩ፤ ገበያው መግቢያ ላይ ጤፍ፣ ገብስና ስንዴ የሚሸጡ የመስቃን ሴት። አስረስ ከጎጃም መጥቶ ሒሳብ ሲያስተምር የኖረ፣ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን የሚኖር ሰው ነው። የግራ እግሩ ትንሿ ጣት ላይ የወጣችው ቁስል አልድን ብላ ሐኪሙ «ስኳርህ ካልወረደ ጣቷን እንቆርጣታለን» ያለው ዕለት፣ ነገሩን ያዋየው ለእሳቸው ብቻ ነበር። በማግስቱ ጣቷን የማያውቅ ሰው በሰፈሩ አልነበረም።

«ምን ብላ አለህ?» ብለው ጠየቁት።

«እህሉን ከነፉርሽካው ብላ ነው ያለኝ። ስኳሩ ወደ ደም ቀስ ብሎ እንዲገባ።»

«በቃ፣ ለእኔ ተወው።»

የአስረስ ሆድ ከዚያች ቀን ጀምሮ በወይዘሮ ዛህራ አስተዳደር ሥር ወደቀ። ወንፊቱን «አንዴ አውሰኝ» ብለው ወሰዱ፤ እስካሁን አልመለሱም። የመምህሩ ስንዴ ሳይሸከሸክ እንዲፈጭ ለወፍጮ ቤቱ ባለቤት ለከድሮ ትእዛዝ ተላለፈ። ቀበሌው ሰውን አንድ ለአምስት ለማደራጀት ላይ ታች ሲል፣ እሳቸው በአንዲት ጣት ዙሪያ ሰፈሩን አደራጅተው ጨርሰው ነበር። አስረስ ሻይ ቤት ገብቶ የስኳሩን ማንኪያ ሲያነሳ አስተናጋጇ «እትዬ ዛህራ ያውቃሉ?» ትለዋለች።

«ይሄ እኮ የከብት መኖ ነው» አለ የመጀመሪያውን ጥቁር ዳቦ ሲቀምስ።

«ስኳር የያዘው ከብት አይተሃል?»

አይሳሳቱም ማለት ግን አይደለም። ወይዘሮ ዛህራ ቆጮን ከሚያሳምም ነገር ጋር ቆጥረውት አያውቁም። «የእንሰት ነገር ምን ስኳር አለው?» እያሉ ማታ ማታ በጎመን ያቀርቡለት ነበር። በሚቀጥለው ምርመራ ስኳሩ ጭራሽ ወጥቶ ተገኘ። ሐኪሙም ፉርሽካ ያለው እህል እንጂ ቆጮ እንዳያበዛ አስጠነቀቀው። ይህን የሰሙ ዕለት ወይዘሮ ዛህራ አልተከራከሩም፤ እሳቸውን ለሚያውቅ ሰው ይህ ብቻውን ያስደነግጣል።

«እኔ ነኝ ያሳመምኩህ» አሉት፣ ዓይናቸውን ሳያነሱ።

አረፋ ደረሰና አስረስ እንደ ወትሮው ተጠራ። ክትፎው፣ የእሱ ክርስቲያን ካረደው ሥጋ ተለይቶ፣ በገብስ ቂጣ ቀረበ። ባለቤታቸው ሐጂ ሰይዶ ማዕዱን ዞር ዞር ብለው አዩት።

«ቆጮውስ?»

«ጎረቤታችን የማይበላውን ፊቱ አንበላም» አሉ ወይዘሮ ዛህራ። ሐጂ ሰይዶ በአረፋ ቀን ያለ ቆጮ ክትፎ በልተው አያውቁም፤ ሆኖም ቢስሚላህ ብለው ቂጣውን ቆረሱ። አስረስም ያን ዕለት «የከብት መኖ» የምትለዋን ቃል ሳያነሳ ቂጣውን ጨረሰ።

ከዚያ ወዲህ፣ መድኃኒቱን እየዋጠ ጥቁር ዳቦውንም እያኘከ፣ ስኳሩ መውረድ ጀመረ። ወይዘሮ ዛህራም የወለደች ልጃቸውን ሊያርሱ ቡኢ ሄዱ። አስረስ ነፃ የወጣ መሰለው። ፀጉሩን አበጥሮ፣ ነጭ ዳቦ ሊገዛ ዳቦ ቤት ገባ። ባለቤቱ ሙስተፋ ዳቦ በማንሳት ፈንታ ሁለት እጁን ኪሱ ከተተ።

«ከቡኢ ደውለው ነበር» አለው።

አስረስ በንዴት ወጣ። እስከ መስጊዱ ድረስ ብቻውን ሲያጉረመርም ሄደ፤ ከመስጊዱ ወዲያ ደግሞ ብቻውን ሳቀ። ሚስቱ ካረፈች ጀምሮ ምን በላህ ብሎ የሚጠይቀው ሰው እንደሌለ ሲያስብ ነበር የኖረው። አሁን ጥያቄው ከሌላ ከተማ ድረስ በስልክ ይመጣል። በሕይወቱ እንደዚያን ቀን ያመሰገነበት ጊዜ ትዝ አይለውም።

ወይዘሮ ዛህራ የተመለሱ ዕለት ከሚኒባስ ወርደው፣ ዕቃቸውን ቤት ሳያስገቡ አስረስ በር ላይ ቆሙ። እሱ ለሰላምታ እጁን ዘረጋ። እሳቸው ግን የሚያዩት ወደ ታች ነበር። ያ ተማሪ ፊት ኮቱን እንኳ አውልቆ የማያውቀው መምህር፣ ሳይጠየቅ ጎንበስ ብሎ ጫማውንም ካልሲውንም አወለቀ። ትንሿ ጣት ቁስሏ ደርቆ ቦታዋ ላይ ነበረች።

«አልሃምዱሊላህ» አሉ ወይዘሮ ዛህራ። ከዚያ በኋላ ነው እጁን ይዘው «እንዴት ሰነበትክ?» ያሉት።