ቀስት ያልወጣለት ሳጥን

በዚህ አገር ቀስት የሚስል ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። ሚኒስትር ይሻራል፣ የሕንፃው ቀለም ይቀየራል፣ እሱ ግን ማስመሪያውን ይዞ ይቀመጣል። ችግርህን ልትነግረው ስትጀምር ወረቀት ይስብና ሳጥን ይሠራል።

የእኛው ጓድ ገረመው ነበሩ። በሌሉበት «ሊቀ ቀስት» እንላቸዋለን። በ1975 ዓ.ም. ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ጀርባ በነበረ አንድ የመጋዘን ድርጅት የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ነበሩ። እኔ የድርጅቱን መጽሔት እጽፋለሁ፤ በሰም ወረቀት ላይ ስቴንስል እቀርጻለሁ፣ በማባዣ አባዛለሁ።

ምሥራቅ ጀርመን ለሥልጠና የሄደ ሰው ካፖርትና ራዲዮ ይዞ ይመለሳል። ጓድ ገረመው ሦስት ወር ቆይተው የተመለሱት ሰፊ ወረቀት ጠቅልለውና አንድ አባባል ይዘው ነው፦ «ሰውየውን ተዉት፣ ሥራውን ተከተሉ!»

መጀመሪያ የተከተሉት የገዛ ቤታቸውን ሽሮ ነው። ከቀበሌ ሱቅ እስከ ገበታ አሥራ አራት ሳጥን ሳሉ። ወጡ ለምን እንደሚዘገይ ለማወቅ ማድ ቤት ቆመው ሰዓት ያዙ። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺመቤት ሥዕሉን ጎንበስ ብለው አዩና፣ «እዚህ ጋ ነው የሚዘገየው» አሏቸው።

«የቱ ጋ?»

«አንተ የቆምክበት ጋ።»

ጓድ ገረመው ጻፉት። አመስግነው ወጡ። ሥዕል ላይ ቀልድ አያውቁም።

እስከዚያ ድረስ የሥራ አፈጻጸማችን የሚመዘነው በአንዲት ገጽ ቅጽ ነበር። አለቃህን ጎንበስ ብለህ ሰላም ካልክ «በጣም ጥሩ»፣ ከዘነጋህ «መካከለኛ»። ጓድ ገረመው ቅጿን ሻሩ። ሥራ ከየት ተነሥቶ፣ በማን እጅ አልፎ፣ የት እንደሚደርስ ሳይሳል ማንም አይመዘንም አሉ። እያንዳንዱ ሠራተኛ ሳጥን ሆነ። ሥራው ለሌላ ሰው ሥራ በጠቀመ ቁጥር ከሳጥኑ ቀስት ይወጣለታል፤ አንድ ቀስት አምስት ነጥብ። ከመቶው ስልሳው የቀስት ነው። ቀሪውን አርባ የድርጅቱ ካድሬ ጓድ ቢተው «ለንቃት» ብሎ ወሰደው።

ለሁለት ወር ቀስት ያልተሳለበት የመጋዘን ጥግ አልቀረም። የእኔን ሳጥን አሳዩኝ። አምስት ቀስት ወደ ማባዣውና ቅጽ ወደማባዛላቸው ክፍሎች ይሄዳል። ስድስተኛው ወደ አንባቢ ጀምሮ መሐል መንገድ ላይ ቆሟል።

«ይሄ ለምን ቆመ ጋሼ?»

«ሦስት ሰው ጠየቅሁ። መጽሔቱን ያነበበ የለም።»



በዚህ መሐል ከበላይ ደብዳቤ መጣ። በምዘናው መጨረሻ የሚወጣ አንድ ሠራተኛ ወደ አሰብ ቅርንጫፍ ይዛወራል። አንድ ሰው ብቻ። ማን እንደሚሆን ሁላችንም አወቅን፦ የበሩ ጥበቃ ባይሳ።

የባይሳ ጥፋት አንዲት ጥያቄ ነበረች። ሰኞ በውይይት ክበብ ጓድ ቢተው ስለ ምርት ዕድገት ሁለት ሰዓት ሲናገር ባይሳ እጁን አወጣ። «ጓድ፣ አምስት የጭነት መኪና በር ላይ ቆሟል። ልክፈትላቸው ወይስ ዕድገቱ እስኪያልቅ ይጠብቁ?» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጓድ ቢተው አልሳቀም።

ባይሳ ገርጂ ሦስት ልጆችና ሁለት የሚታለቡ ላሞች አሉት። ቢሮዬ መጥቶ፣ «አንተ የተማርክ ነህ፣ አሰብ ሣር አለ?» አለኝ።

«አይመስለኝም።»

«ታዲያ ላም ምን ትበላለች?»

«ላም ያለም አይመስለኝም።»

ቆቡን አድርጎ ወደ በሩ ተመለሰ።

ጓድ ገረመው በሩ አጠገብ ወንበር አስቀምጠው ሦስት ቀን ዋሉ። ባይሳን ጨነቀው መሰለኝ፣ «ጋሼ፣ እኔን ነው የሚስሉኝ?» አላቸው።

«አንተን አይደለም፣ በሩን ነው።»

«በሩማ እኔ ነኝ።»

ይህንንም ጻፉት። ከባይሳ ሳጥን አሥራ ሁለት ቀስት ወጣ፤ ስልሳ ከስልሳ። ጓድ ቢተው ለንቃት ዜሮ ሰጠው። ድምር ስልሳ። የእኔ ሃያ አምስት ከቀስት፣ ሠላሳ ስድስት ከንቃት፣ ድምሩ ስልሳ አንድ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ያቺን አንድ ነጥብ ሳይ ደስ አለኝ። እስከዚያ የተመዘነው ሌላው ሁሉ ከእኔ በላይ ነው።

ኀሙስ ጓድ ገረመው የመጨረሻውን ሥዕል እንዳባዛ ሰጡኝ። ዓርብ ስብሰባ ተጠራ። ጓድ ቢተው ዝርዝሩን ከላይ ጀምሮ አነበበ። ስልሳ አንድ እኔ። ስልሳ ባይሳ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋ።

«ጓድ ገረመው፣ እዚህ ታች ስሕተት አለ። አምሳ ዘጠኝ ብለው ራስዎን ጽፈዋል።»

«ስሕተት የለም። በቂ ቀስት አልወጣልኝም፤ ለንቃትም እርስዎ ብዙ አልሰጡኝም።» ስብሰባ ላይ ስለሚስሉ ነው ያልሰጣቸው።

«ሥዕሉን የሳሉት ራስዎ ነዎት እኮ!»

«ለዚህ ነው የማምነው።»

ጓድ ቢተው የበላዩን ደብዳቤ አውጥቶ ደግሞ አነበበ። ደብዳቤው መጨረሻ የወጣው ይላል፤ መጨረሻ የወጡት እርሳቸው ናቸው። በወሩ ማስመሪያቸውንና ጥቅላቸውን ይዘው አሰብ ወረዱ። ወይዘሮ የሺመቤት ከልጆቹ ጋር ቀሩ። ሲሸኟቸው፣ «እዚያ ማድ ቤት እንዳትቆም» አሏቸው።

ባይሳ በየቅዳሜው አንድ ጠርሙስ ወተት ቤታቸው ያደርስ ጀመር። «ያ ሥዕል አዳነኝ» ይላል። እኔም አዎ እላለሁ።

ስቴንስሉን የቀዳሁበት ዋናው ሥዕል ዛሬም እኔ ጋ አለ። ያን ኀሙስ በመስኮቱ ብርሃን ሳየው፣ ከጓድ ገረመው ሳጥን አጠገብ ወረቀቱ ሳስቷል። በላጲስ የጠፋ ቀስት ነው። በሩ የሚከፈትበትን መመሪያ የጻፉት እርሳቸው ነበሩ፤ ባይሳ የሚሠራውም በእሱ ነው። አምስት ነጥብ። ያለ እሷ አምሳ ዘጠኝ፣ ከእሷ ጋር ስልሳ አራት። በዕድሜያቸው አንድ ሥዕል አጭበረበሩ፤ እኔም እንዳየሁት ቀረጽኩት።

ጥሩ አጥፊ ግን አልነበሩም። ወረቀቱን ወደ ብርሃን ሲያነሡት ቀስቱ አሁንም ይታያል። ከእርሳቸው ሳጥን ተነሥቶ በቀጥታ በሩ ጋ ይደርሳል።