የባንቻምላክ የደረት ልክ

ሴት ልጅ ከሐኪም ይልቅ ለልብስ ሰፊ ትዋሻለች። ሐኪም ፊት የሚያም ነገር ስላለ ውሸቱ ይከብዳል፤ እኔ ፊት ግን ያለው ሜትር ብቻ ነው። ፍኖተ ሰላም ላይ የሴት ልብስ ስሰፋ ሽበት አውጥቻለሁ፤ ሜትሩን በደረቷ ዙሪያ ሳዞር ትንፋሿን ሳትይዝ የቆመችልኝ ግን አንዲት ሴት ብቻ ናት። እሷ ጋ እንደርሳለን። የቀሩት በሙሉ ወገባቸው ላይ ስደርስ ሆዳቸውን ይስባሉ፣ ደረታቸው ላይ ስደርስ አየር ይሞላሉ። እኔም ምንም እንዳላየ ሰው ሆኜ ስለ ሽንኩርት መወደድ አነሳና አስወራቸዋለሁ፤ ሲተነፍሱ ጠብቄ ልኩን እወስዳለሁ። በተያዘ ትንፋሽ የተለካ ቀሚስ ለፎቶ ይሆን እንደሆነ እንጂ ምሳ አይበላበትም።

እናንተ ወንዶች አትሳቁ። ትከሻው ውስጥ ስፖንጅ ካልገባ ኮቱን አልረከብም ብሎ ጎረቤቴን ልብስ ሰፊ ያስመረረ ሙሽራ አውቃለሁ። ከተሰጠው ልክ ጋር ተስማምቶ የሚያድር ሰው ጥቂት ነው። አንዳንዱ የጎደለውን በጨርቅ ይሞላል፣ አንዳንዱ በወሬ፤ ዘንድሮ ደግሞ በሐኪም ቢላ የሚሞላም መጥቷል። ይህን የምለው ከቲክቶክ አይቼ አይደለም። ከገዛ ሱቄ ነው።

ባንቻምላክ የታላቅ እህቴ ልጅ ናት፤ ባንቺ እንላታለን። ቡሬ ላይ ባንክ ቤት ትሠራለች፤ መልኳ የሚያስጠራ፣ አንደበቷ የተቆጠበ፣ ሥራዋን አክባሪ። በልጅነቷ ግን ሌላ ሰው ነበረች። እስክስታ ስትመታ አጥንት የሌላት እስኪመስል ድረስ ትከሻዋና ደረቷ ይታዘዙላት ነበር፤ ሰርግ ያለው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠራው እሷን ነበር። እንግዲህ የእኛ አገር እስክስታ እንደምታውቁት ደረት ላይ ነው ያለው። እኩዮቿ ሁሉ ጡታቸው ሲያጎጠጉጥ የእሷ ዘገየ። ጠበቀችው፤ አልመጣም። አንድ የጎረቤት ሰርግ ሲደርስ ከእናቷ ሙዳይ ሁለት ጭብጥ ባዘቶ አወጣችና፣ ከጓደኛዋ በተዋሰችው የጡት መያዣ ውስጥ ወትፋ ዳስ ገባች።

ባዘቶ ማለት ተነድፎ ለመፈተል የተዘጋጀ ጥጥ ነው። ትራስ ውስጥ ይተኛል፤ ለጎጃም እስክስታ ግን አልተፈጠረም። ጭፈራው ሲሞቅ አንደኛው ወደ አንገቷ ወጣ፣ ሁለተኛው ወደ ሆዷ ወረደ፤ ከዚያ ሁለቱም በተጎዘጎዘው ሣር ላይ ነጭ ሆነው ተዘረገፉ። ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ሰው ክፉ ሆኖ አልነበረም የሳቀው፤ የሚያስቅ ነገር ነበር። ልጅቱ ግን ከዳሱ እንደወጣች ወደ ጭፈራ አልተመለሰችም። ከዚያ ወዲህ ሰርግ ስትጠራ ትመጣለች፤ ነጠላዋን አጥፋ ደረቷ ላይ ትደርብና ጥግ ይዛ ታጨበጭባለች። ትከሻዋ ግን ከበሮው በተመታ ቁጥር ትንሽ ይነቃነቃል፤ እኔ አይቻለሁ።

ታዲያ አንድ ቀን ሱቄ መጣች፤ ደንበኛ እስኪወጣ ጠበቀችና «አክስቴ፣ ልሠራው ነው» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ጡቴን።»

ምን ጎደለሽ ብዬ ልጀምር አፌን ከፈትኩ። ዳሩ ግን ምን እንደጎደላት በሜትር የማውቀው እኔው ነኝ፤ ስለዚህ መልሼ ዘጋሁት። ለማን ብለሽ ነው አልኳት። ለማንም ብዬ አይደለም አለች። «ሰው ፊት ቀና ብዬ መቆም እፈልጋለሁ። ነጠላ መጎተት ሰልችቶኛል።» ከዚያ አዲስ አበባ አንዲት ሐኪም አግኝታ ቀጠሮ እንደያዘች፣ መጀመሪያ ምክር ብቻ እንደሆነ፣ ለቀዶ ጥገናው ከቆረጠች አስታማሚ እንድሆናት እንደምትፈልግ ነገረችኝ። እናቷ እንዳትሰማም ለመነችኝ። ልጅቱ ከስንት ዘመን በኋላ አንድ ነገር ስትለምነኝ እምቢ ማለት አልሆነልኝም።

ተዘግቶ የከረመው መንገድ በተከፈተ ሰሞን ሄድን። ሐኪሟ ረጋ ያለች ሴት ናት። እሷም ሜትር አላት፤ ስትለካት ባንቺ ትንፋሿን ያዘች፣ ሐኪሟም እንደ እኔው ዝም ብላ ጠበቀቻት። በዚህ ወደድኳት። ከዚያ የተናገረችውን፣ እናንተም ልጅ ወይም እህት ይኖራችሁ ይሆናልና፣ እንደገባኝ ላውራላችሁ።

የሚገባው የሲሊኮን ከረጢት ዕድሜ ልክ የሚኖር አይደለም፤ ሊቀደድም፣ ዙሪያው ሊጠነክርና ሊያምም ይችላል፤ ስለዚህ አንድ ቀን እንደገና ተኝቶ ማስቀየር ወይም ማስወጣት እንደሚመጣ ከወዲሁ አስቢው አለቻት። የጡት ጫፍ ስሜት ሊቀንስ ይችላል። ብዙ ሴቶች ከዚያም በኋላ ያጠባሉ፤ አንዳንዷ ግን ወተቱ ያንስባታል፣ ቀድሞ ማወቅም አይቻልም። ከረጢቱ ባለበት አካባቢ የሚመጣ፣ በጣም ጥቂት ሴት ላይ የሚታይ ካንሰር እንዳለም አልደበቀቻትም። ጠባሳ ይኖራል። ለሳምንታት ከባድ ነገር ማንሳት የለም፤ ጀሪካን የለም፣ ልጅ ማዘል የለም። ባንቺ ስልኳን አውጥታ የአንዲት ሴት ፎቶ ስታሳያት ሐኪሟ በትሕትና አየችና፣ «ይኼ የእሷ ቆዳና የእሷ አጥንት ነው፤ ያንቺ ላይ ሌላ ነው የሚሆነው» አለች። እኔም ይኼን ስንት ጊዜ ለደንበኞቼ ብያለሁ፤ እኔን ማን ይሰማኛል።

በመጨረሻ ግን እንዲህ ብላ ጠየቀቻት። «ትኩሳት ቢመጣብሽ፣ ቁስሉ ቢያመረቅዝ፣ መንገዱም ቢዘጋ፣ እዚያ ማን አለሽ? ምን እንደተሠራሽ የሚያውቅ ሰው አለ?» ባንቺ ወደኔ አየች። እኔ ደግሞ ያለሁት ፍኖተ ሰላም ነው። ሐኪሟም «አልቸኩልብሽም፤ ሄደሽ አስቢበት፤ ከምታምኚው ሰው ጋር ተነጋገሪ» ብላ ሸኘችን።

አሁን ባንቺ የሠራችውን ስሕተት ልንገራችሁ። ከመሄዳችን በፊት ለእናቷ ደውላ፣ እንዳትጨነቅ ብላ፣ «ትንሽ አሞኝ ነው፤ አዲስ አበባ ታይቼ እመለሳለሁ» ብላት ነበር። ባንክ ቤት የዋለ ሰው አገሩን ይረሳል መሰለኝ። በእኛ አገር እኮ ሰው ሞቶ እንኳ ለዘመድ የሚነገረው «ትንሽ ስላመመው ድረስ» ተብሎ ነው። ስለዚህ «ትንሽ አመመኝ» ያለ ሰው ሞት አፋፍ ላይ እንዳለ ይቆጠራል። ልጅቱ ነገሩን ባሳነሰችው ቁጥር፣ በሰከላ በኩል ባለው የእናቷ ቀበሌ እያደገ ሄዶ ቀዶ ጥገና ላይ ደረሰ።

ቡሬ ስንደርስ የተከራየችበት ግቢ በሰው ተሞልቷል። አጥሚት በቴርሞስ፣ ማር በጣሳ፣ እንቁላል በጭድ ተጠቅልሎ መጥቷል፤ አንዲት ዶሮ የወንበር እግር ላይ ታስራ በቅሬታ ታየናለች። ሁሉም ባንቺን ከእግር እስከ ራሷ በዓይኑ ይለካታል። የእናቷ ጎረቤት አያ ታረቀኝ፣ «አይዞሽ፣ የአጎቴ ልጅም እንዲሁ ትንሽ ነው ብላ ነበር…» ብለው ጀመሩና፣ ሚስታቸው በክርናቸው ሲነኳቸው ስለ ዝናብ ማውራት ቀጠሉ። የንስሐ አባታቸው አባ ይትባረክ ጠበል ይዘው መጥተዋል። እታለም፣ ማለት ታላቅ እህቴ፣ ፊቷ ከስቶ እግሯ አብጦ ተቀምጣለች። ግሽ ዓባይ ጠበሉ ድረስ በእግሯ ሄዳ ኖሯል። ልጄን ቢላ ሳይነካት መልስልኝ፣ ደግሼ ጎረቤት አበላለሁ ብላ ተስላ መጣች።

የእናቷን እግር ስታይ ባንቺ ተቀመጠች። ጠያቂዎቹ ምርቃታቸውን አድርሰው እስኪወጡ አንገቷን አላነሳችም። ሦስታችን ስንቀር፣ «እናቴ፣ አላመመኝም» አለች። ሁሉንም ነገረቻት፤ ሐኪሟን፣ ሲሊኮኑን፣ ነጠላውን። ስትጨርስ የምጠብቀው ለቅሶ ወይ ቁጣ ነበር፤ እኔም ከሁለቱ የትኛው ወደኔ እንደሚዞር ሳሰላ ነበር።

እታለም እግሯን ዘረጋች። ከዚያ ላም እንደምትገዛ ሴት ትጠይቅ ጀመር።

«ዕድሜ ልክ ይቆያል?»

«አይቆይም። አንድ ቀን ይቀየራል።»

«እንደገና በቢላ?»

«እንደገና።»

«ብትወልጅሳ? ታጠቢያለሽ?»

«ብዙዎች ያጠባሉ አሉ። ላይሆንም ይችላል።»

«ካልተስማማሽ ይወጣል?»

«ይወጣል። ጠባሳው ይቀራል።»

«ብትታመሚሳ፣ እዚህ ማን ሊያይሽ ነበር?»

እታለም ነጠላዋን አስተካከለች። «ያን ቀን፣ በዚያ ሰርግ» አለች፤ በቤተሰባችን ስለዚያ ሰርግ ሲነሳ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። «ሁሉ ሲስቅ እኔ ጥጡን እለቅም ነበር። ሰው እንዳይረግጠው ብዬ። አጥቤ ፈተልኩት። ከአንዷ ነጠላሽ ገብቷል፤ የትኛዋ እንደሆነች እኔም አላውቅም። አንች ስትለብሻት ባየሁ ቁጥር ይችን ልጅ ምን ብዬ ላናግራት እላለሁ፤ አፌ እምቢ ይለኛል። ልጀ፣ ብትሠሪው አልቆጣም። ገላው ያንች ነው። እኔ ሳላውቅ፣ ለብቻሽ ሐኪም ቤት ተኝተሽ ከሆነ ነው የምቆጣው።»

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ክር ሳይ ኖሬያለሁ። እዚያ ቤት ግን ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ። ባንቺ የእናቷን እግር ጭኗ ላይ አድርጋ ታሻው ጀመር፤ ሁለቱም አለቀሱ፣ ዶሮዋም አየቻቸው።

የቀረው ስለቱ ነው። ሕመም በሌለበት የተሳለች ሴት ምን ታድርግ? እታለም በማግስቱ አባን አግኝታ፣ እንደ አገራችን ወግ፣ ስለ አንዲት የማታውቃት ሴት አስመስላ ጠየቀች።

«ልጅቱ ሄዳ ነበር?» አሉ አባ።

«ሄዳ ነበር።»

«ቢላ ሳይነካት ተመለሰች?»

«ተመለሰች፣ አባ። ሕመም ግን አልነበረባትም አሉ።»

አባ ይትባረክ የመቋሚያቸውን ጫፍ አዩ። «እሱን ማን ለካው?» አሉና፣ ድግሱ ጾሙ ሲፈታ ቢሆን እንደሚሻል መክረው ሄዱ።

ጾሙ ሲፈታ እታለም ቤት ተደገሰ። ከበሮው ሲመታ ባንቺ እንደ ልማዷ ጥግ ይዛ አጨበጨበች። ትንሽ ቆይታ ነጠላዋን ከደረቷ አወረደችና ወገቧ ላይ አሰረችው። አያ ታረቀኝ፣ «ድናለች» ብለው ለሚስታቸው ሲነግሩ ሰማሁ። እታለም ገና ባልሻረ እግሯ ከፊቷ ገባች፤ እናትና ልጅ ትከሻ ለትከሻ ገጠሙ። ልጅቱ የተማረችውን አልረሳችም። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ፣ ደረቷ ሲታዘዝላት፣ እዚያ ያለው ሰው ሁሉ ቆሞ ነበር የሚያየው። እኔ ደግሞ ቀሚሷን ነበር የማየው፤ የሰፋሁት እኔ ስለሆንኩ ብብቱ ላይ እንዳይተረተር ፈርቼ።

ታዲያ በመጨረሻ ተሠራች ወይስ ተወችው ትሉኛላችሁ። ሱቄ የሚመጣው ሁሉ ይኼንኑ ይጠይቀኛል፤ እኔም ስለ ሽንኩርቱ አወራለታለሁ። የደንበኛ ልክ አላወጣም። የድግሱን ቀሚስ ልታሰፋ ስትመጣ፣ «አክስቴ፣ ገና አልወሰንኩም፤ ከጎኑ ትርፍ ጨርቅ ተይልኝ» አለችኝ፤ ሲፈለግ እንዲሰፋ፣ ካልተፈለገም እንዲቀር አድርጌ ትቼላታለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው የእሷ ነው። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፤ ያን ቀን ሜትሩን በደረቷ ሳዞር ስለ ሽንኩርት ላወራላት አፌን ከፍቼ ነበር፤ አላስፈለገም። እየተነፈሰች ቆመችልኝ።