ጎረቤት ይጠቀም

በሆንግ ኮንግ የመንግሥት ሕንፃ የኖረ ሰው ሁሉ አንዲት «ጎረቤት ይጠቀም» ባይ ያውቃል። አላውቅም የሚል ካለ ምናልባት በሩን ከፍቶ አያውቅም።

በእኛ ፎቅ ይህን ማዕረግ የያዙት ክብርት ወይዘሮ ፑን ናቸው። ባላቸው ካረፉ ወዲህ ከሕንፃው ሥር ባለው ገበያ አትክልት ይሸጣሉ። ጠዋት ጎመን ከፍ አድርገው «ጎረቤት ይጠቀም» ካሉ፣ ርካሽ ነውና ግዙ ማለታቸው ነው። ማታ ደግሞ የዱባ ሾርባ ይዘው በሬን ያንኳኩና ያንኑ ቃል ይሉኛል፤ ያኔ በነፃ ነው። እኔ ካም፣ ዕድሜ ልኬን የተበላሸ ሊፍት ስጠግን የኖርኩ ሰው፣ ይህቺን ቃል መፍታት አቃተኝ። አንድ ማታ የሾርባውን ሂሳብ ልክፈል ብል ሳምንት ሙሉ አኮረፉኝ። ከዚያ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ፣ ገበያ ላይ የሰጡኝን ጎደሬ አመስግኜ ይዤ ብሄድ ቢላዋቸውን እንደያዙ እስከ ሊፍቱ ተከተሉኝ። ሙቀቱ በጠናበት ሰሞን ደግሞ በሬ ላይ የማይዞር ማራገቢያ ሰቅለውልኝ ሄዱ። ስጦታ ይሁን ቆሻሻ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ቃሉ ሦስተኛ ትርጉም እንዳለው ያወቅሁት የፎቃችን ልጅ ከፊት ለፊቷ በር የሚኖረውን ጎረምሳ ያገባች ዕለት ነው። ወይዘሮ ፑን ብርጭቆ አንስተው «ባዳ ከሚወስዳት ጎረቤት ይጠቀም» አሉና ሰርገኛውን ሁሉ አሳቁት።

ከትናንት ወዲያ ሾርባውን አምጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ከባሕሩ ማዶ ያለ አንድ ዓሣ ሻጭ ለትዳር እንደጠየቃቸው ነገሩኝ። ሚስቱ የሞተችበት፣ ጨዋ ሰው ነው አሉ።

«ምን ይመክሩኛል፣ አቶ ካም?»

መልካም ጋብቻ ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ግን ከእንግዲህ ይህ በር ሳይንኳኳ ሊመሽ ነው ብዬ ፈራሁ።

«ባዳ ከሚወስድዎት» አልኩ፣ «ጎረቤት ይጠቀም።»

የሾርባውን ሳህን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። 

«የትኛው ነው?» አሉ። «የገበያው ነው የሾርባው?»

«የሰርጉ» አልኩ።

ሳህኑን እጄ ላይ ትተው ሄዱ። ትናንት በሬን ያንኳኳ የለም፤ ምንም ያላደረገኝን ዓሣ ሻጭ ስረግም አመሸሁ። ዛሬ ማታ ተንኳኳ። ሾርባው ያው የዱባ ነው፣ ሳህኑ ግን ሁለት። ግራ ገብቶኝ በሩ ላይ ተገትሬ ቀረሁ።

«ወንበር የለህም እንዴ?» አለችኝ።