የሁሉም ጽዋ ማኅበርተኛ

(ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከመስኖው ቦይ በላይ ያለ ቤት። ደጀኔ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የወይራ ዱላውን በቅቤ ይወለውላል። ዛሬ ጠዋት መንደሩ የውሃ ተራ የሚያከፋፍል የውሃ አባት ሊመርጥ ተሰብስቦ ነበር። ደጀኔ እንደተመረጠ አንዳች አይጠራጠርም፤ ሹመት ቤት ድረስ መጥቶ ይጠራል እንጂ ሰው አይለምነውም ብሎ የሚስቱን ታናሽ ወንድም አለበልን ልኮ ቀርቷል። ከቤቱ ግርጌ ሽንኩርቱ ጠውልጓል። አለበል አዲስ የተቆረጠ ቀርከሃ በትከሻው ይዞ እንደደረሰ በዱላው ነገር ተያይዘዋል።)

አለበል፦ ኧረ ጋሼ፣ ለቦይ የሚሆነው ቀርከሃ ነው። ወይራ ጭቃ ውስጥ ከገባ አይነሣም።

ደጀኔ፦ የውሃ አባት ጭቃ ሊቆፍር ነው እንዴ? ዱላ ለግርማ ነው! ቅቤ ያጠጣሁት ለምን መሰለህ?

አለበል፦ ሽንኩርቱ ውሃ ሳይጠጣ ዱላው ቅቤ ጠጣ ይበሉኛ።

ደጀኔ፦ ሽንኩርቱማ ከነገ ጀምሮ ይዋኛል። በል ንገረኝ፣ እልልታው ከየት በኩል ጀመረ?

አለበል፦ እሱን ልነግርዎ ነበር እኮ...

ደጀኔ፦ ቆይ! መጀመሪያ ለምን እንደተመረጥኩ ላስረዳህ፤ አንተ ነገር ቶሎ አይገባህም። በሬዲዮ ሰምቻለሁ። የሰውን ኪስም ድምፅም የሚመራው ሃይማኖቱ ነው።

አለበል፦ እኛ መንደር ሃይማኖቱ አንድ አይደል? ታዲያ በምን ይለያል?

ደጀኔ፦ ጭንቅላት የሚፈለገው እዚህ ላይ ነው! በሃይማኖት አንድ ብንሆን በጽዋ ማኅበር እንለያያለን። የአቦ ማኅበርተኛ የአቦን ይመርጣል፤ የተክልዬ የተክልዬን። እኔስ ምን አደረግሁ?

አለበል፦ ጠላ ጠጡ።

ደጀኔ፦ አንተ ደንባራ! ሁሉም ማኅበር ገባሁ! አቦ፣ ሥላሴ፣ ዑራኤል፣ ጊዮርጊስ... ማን ይቀረኛል?

አለበል፦ እሱኑ ነው የተናገርኩ። ተነሥቼ «ጋሼ ደጀኔ የሁላችሁም ማኅበርተኛ ናቸው፣ የሁሉንም በዓል ያከብራሉ» አልኩ።

ደጀኔ፦ ጎሽ! ጭብጨባው ቀለጠ?

አለበል፦ እትዬ ሀብትነሽ ተነሡ። «የአቦ ለት ቦዩን ይከፍታል?» አሉ። «ኧረ በስመ አብ! በአቦ ሥራ አይነኩም» አልኩ።

ደጀኔ፦ ደግ መለስክ።

አለበል፦ «በሥላሴስ?» አሉ። «እጃቸውን አጣጥፈው ነው የሚውሉ።» «በዑራኤልስ? በተክልዬስ?» «አካፋ በዓይናቸውም አያዩ» እያልኩ አከበርኩዎ።

ደጀኔ፦ (የሚወለውልበት እጁ እየቀዘቀዘ) እና... ሴትዮዋ ምን አለች?

አለበል፦ «ጻድቅስ ጻድቅ ነው፤ በርበሬያችንን ማን ያጠጣልን?» አሉ።

ደጀኔ፦ ማኅበርተኞቼስ ዝም አሉ?

አለበል፦ ዝምስ አላሉም፤ ሳቁ። አባ ገብረሰንበት እንኳ «ለጸሎቱ ደጀኔ፣ ለውሃው ሌላ ፈልጉ» አሉ።

ደጀኔ፦ ጠላዬን ሲገለብጡ ከርመው! ማንን መረጡ ታዲያ?

አለበል፦ «አንተስ የየትኛው ማኅበር ነህ?» አሉኝ። «እኔማ መደገሻ ጌሾ ከየት አምጥቼ? ከሰንበት በቀር ሥራ ላይ ነኝ» አልኩ። ይኸኔ እጅ ሁሉ ወደ ላይ ወጣ።

ደጀኔ፦ ለማን?

አለበል፦ (አንገቱን ደፍቶ) ለኔ።

(ደጀኔ ሽንኩርቱን አየ፤ አለበልን አየ፤ ደግሞ ሽንኩርቱን አየ። ከዚያ ብድግ ብሎ መቀመጫውን በጋቢው ጠረገ።)

ደጀኔ፦ ይቀመጡ እንጂ፣ ጋሼ አለበል።

አለበል፦ ምነው አንቱ አሉኝ?

ደጀኔ፦ ሹመት አይደል! ይኸው ዱላውም የእርስዎ ነው። የነገው ውሃ የኔ ተራ መሆኑን አልረሱም መቼም?

አለበል፦ አልረሳሁም። ግን ነገ አቦ ነው። አካፋ አይነኩም ብዬ በሰው ፊት መስክሬልዎ የለ? ለጎረቤትዎ ለእጅጉ ሰጠሁት።

ደጀኔ፦ እጅጉም እኮ የአቦ ማኅበርተኛ ነው!

አለበል፦ ነበር። ውሃው ነገ ይደርስሃል ስለው እዚያው ወደ ሥላሴ ተዛወረ።

ደጀኔ፦ ሬዲዮው ግን ኪስን የሚመራው ሃይማኖት ነው ብሎ ነበር!

አለበል፦ ሬዲዮው ሽንኩርት የለውማ፣ ጋሼ።

(የወይራውን ዱላ መልሶ ደጀኔ እጅ ላይ አኖረለትና ቀርከሃውን ይዞ ወደ ቦዩ ወረደ።)