ዓሣ ከተያዘ

ድልድይ የሠራ ሰው ይመሰገናል። ነገር ግን ድልድይ ሰው ይሄድበታል፤ ስለዚህ ያረጃል፣ ይቆሽሻል፣ ይሰነጠቃል። እንከን የለሽ ሆኖ የሚኖር ሥራ ቢኖር ማንም የማይጠቀምበት ሥራ ብቻ ነው። ይህን ጥልቅ እውነት በኑሯቸው ያስመሰከሩ አንድ ሰው አውቃለሁ፤ የእህቴ ባል ናቸው። እኚህ ሰው በቤታቸው፣ በትርፍ ጊዜያቸው፣ በገዛ እጃቸው የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ይሠራሉ። ዓሣ ግን አያጠምዱም።

በመሥሪያ ቤታቸው የዕቅድ መምሪያ ኃላፊ ስለሆኑ ሰፈሩም እኔም «ኃላፊው» እንላቸዋለን፤ እሳቸውም ቅር አይላቸውም። ከእጃቸው የወጣ ዕቅድ በጥሩ ወረቀት ታትሞ፣ በጠንካራ ሽፋን ተጠርዞ፣ መስታወት ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። እስከ ዛሬ አንዱም አልከሸፈም፤ አንዱም አልተሞከረማ። ዘንጎቻቸውም እንደዚያው ናቸው። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ በቁመታቸው ተሰድረው፣ እጀታቸው በቡሽ ተለብጦ፣ ክር የሚያልፍባቸው ቀለበቶች በቀለም በቀለም ታስረው ሲያብረቀርቁ የሚያያቸውን ዓይን ያፈዛሉ። ውሃ ነክቷቸው አያውቅም። አንድ ክረምት ጣሪያው ሲያፈስ ኃላፊው መጀመሪያ ያሸሹት ዘንጎቹን ነው፤ ባልዲ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

አንድ ቀን ደፍሬ፣ «ጋሼ፣ ሐይቁ እኮ ቅርብ ነው፤ ለምን ወርደው አይሞክሯቸውም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

በሐዘኔታ ተመለከቱኝ። «እኔ ዕቅድ ነኝ» አሉ። «ዓሣ መያዝ ትግበራ ነው። ትግበራ ሌላ ክፍል ነው።»

ከዚህ ከፍ ያለ ምክንያት በተጨማሪ ሁለት ዝቅ ያሉ ምክንያቶችም ነበሯቸው። ዓሣ ሲሸታቸው ያቅለሸልሻቸዋል፤ ውሃም ከብርጭቆ ከበለጠ አይወዱም። እነዚህን ግን በይፋ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

አሁን ወደ ጠረጴዛው ልምጣ፤ የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻ ጠረጴዛው ነው። እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። በሳሎኑ መሐል የቆመው ሰፊ ጠረጴዛ ጨርቅ የምትዘረጋበት፣ የምትቆርጥበት፣ እንጀራዋን የምትበላበት ጠረጴዛ ነበር። ኃላፊው መጀመሪያ ጥጉን ብቻ ለአንድ ቀን ጠየቁ። ቀጥሎ «ለጊዜው» ግማሹን ወሰዱ። በመሥሪያ ቤት የሠራ ሁሉ «ለጊዜው» ማለት «እስከ ዘላለሙ» ማለት መሆኑን ያውቃል። ብዙም ሳይቆይ ጠረጴዛው በጥሬ ዘንግ፣ በቡሽ፣ በቀለበትና በማጣበቂያ ተሞልቶ እህቴ ጨርቅ የምትቆርጠው አልጋ ላይ ሆነ። አንድ ጊዜ ከደንበኛ ሱሪ ጋር የራሷን አንሶላ አብራ ቆረጠች። ዓሣ የማያጠምዱትን ሰው ሚስታቸው ጠመደቻቸው።

ዘንግ ቫርኒሽ የሚቀባበት ቀን ደግሞ ሌላ ነው። ቫርኒሹ ሳይደርቅ አቧራ ካረፈበት ሥራው ይበላሻል፤ ስለዚህ በዚያን ቀን መጥረግ ክልክል ነው፣ መስኮት መክፈት ክልክል ነው፣ ማስነጠስ የፈለገ ደረጃው ላይ ወጥቶ ያስነጥሳል። ቫርኒሹም ወደ አንድ ወገን እንዳይወርድ ዘንጉ እስኪደርቅ ድረስ በዝግታ መዞር አለበት። ይህን ከባድ አደራ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። እህቴን ልጠይቅ ብቅ ባልኩ ቁጥር «እንኳን መጣህ» ተብዬ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፤ እኔ ዘንጉን ሳዞር ዘንጉም በተራው ራሴን ያዞረኛል። ኃላፊው ይህን «የቤተሰብ ተሳትፎ» ይሉታል።

ነገሩ የፈነዳው በብርማ ክር ነው።

እህቴ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ተቀብላ ነበር። ከጀርባው ከአንገት እስከ ወገብ በትንንሽ ቁልፎች የሚዘጋ፣ እያንዳንዱ የቁልፍ ቀዳዳ በብርማ ክር በእጅ የሚዘመዘም ቀሚስ ነው። ክሩን ለማግኘት ያልረገጠችው ሱቅ የለም፤ በመጨረሻ ያገኘችው ጥቅል ሱቁ ውስጥ የቀረው እሱ ብቻ ነበር። በዚያው ሳምንት ኃላፊው «የዘንጎች ሁሉ ቁንጮ» ያሉትን ዘንግ እየሠሩ ነበር። ከመሥሪያ ቤት ሲገቡ ጠረጴዛው ላይ ብርማ ክር አዩ። ለምን እንደመጣ አልጠየቁም፤ ውብ ነገር በራሱ ፈቃድ ወደ እሳቸው የሚመጣ ይመስላቸዋል። እህቴ ከገበያ ስትመለስ ጥቅሉ ባዶ ነበር። የዘንጉ ቀለበቶች ሁሉ ከላይ እስከ ታች በብርማ ክር ታስረዋል፤ የቀረው ቫርኒሹን መቀባት ነበር፤ ያ ከሆነ ክሩ ዳግም አይፈታም፤ ብሩሹም እጃቸው ላይ ነበር።

እህቴ አልጮኸችም። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ባዶውን ጥቅል በጣቷ ስታሽከረክር ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ እኔም ያኔ ከልቤ ተናደድኩ። ሙሽሪት በመጪው ሳምንት ሐሙስ ትመጣለች። ያቺ ልጅ ባዶ ጀርባዋን ይዛ ከሄደች፣ እህቴ ዘመኗን ሙሉ የለፋችበት ስም አብሯት ይሄዳል።

«ፍታው» አለች።

«የተጠናቀቀ ሥራ አይፈታም» አሉ ኃላፊው። ነገር ግን እንባውን አይተው ብሩሹን አስቀመጡት፤ ክፉ ሰው አይደሉም።

«ምኑ ነው የተጠናቀቀው? ይሄ ሁሉ እንጨት አንድ ዓሣ ይዞ ያውቃል? ይኸው ወንድሜ ይመስክር፤ ይሄም አይይዝም።»

እዚህ ላይ ተሳስታለች። ኃላፊው ስለ ብዙ ነገር ሲሰደቡ ይስቃሉ፤ ዘንግ ግን እንጨት ሲባል አይወዱም። ከተቀመጡበት ተነሡ፣ ኮታቸውን ቆለፉ፣ ዓመታዊ ዕቅድ ሲያቀርቡ የሚያወጡትን ድምፅ አወጡ። «በመጪው እሑድ ዓሣ ካልተያዘ ክሩ ተፈትቶ ጠረጴዛው ለልብስ ስፌቱ ይመለሳል። ዓሣ ከተያዘ ግን ጠረጴዛው ከነንብረቱና ከነሙሉ ኃላፊነቱ ወደ ዘንግ ሥራው ይዛወራል። እስከዚያው ክሩ ላይ ቫርኒሽ አይቀባም።»

«ማን ከያዘ?» አለች እህቴ። ልብስ ሰፊ ናት፤ ልክ የማን እንደሆነ ሳታውቅ አትቆርጥም።

ኃላፊው ፈገግ አሉ። «በአሠራር ማን አይባልም።»

እውነታቸውን ነው። በመሥሪያ ቤታቸው ይወሰናል እንጂ ማንም አይወስንም፤ ይዘገያል እንጂ ማንም አያዘገይም፤ ገንዘብም ከጠፋ ጠፋ ይባላል እንጂ የሰው ስም አይነሳም። ይህ አነጋገር ስንቱን ከወንበሩ ሳይነቃነቅ ለጡረታ አብቅቷል። እህቴ ትንሽ አሰበችና «እሺ» አለች። እኔም ምስክር ሆንኩ።

እሑድ ጠዋት የጥርስ ሐኪም የሆኑ አንድ ጓደኛቸው በመኪናቸው ወደ ሐይቁ ወሰዱን። ሐኪሙም ዘንግ ሠሪ ናቸው፤ ቀለበት ሲያስሩ ታካሚ ሲያዩ የሚጠቀሙበትን ማጉያ መነጽር ያደርጋሉ። እሳቸውም ዓሣ ይዘው አያውቁም፤ ጓደኝነታቸው የጸናው በዚሁ ነው። ቁንጮው ዘንግ እህቴ ራሷ በሰፋችለት ከረጢት ተጠቅልሎ በመኪናው መስኮት ጫፉን አውጥቶ እየተወዛወዘ ሄደ።

ሐይቁ ዳር ስንደርስ ኃላፊው ከረጢቱን ፈቱ፣ ዘንጉን አዩት፣ ሰማዩን አዩ፣ መልሰው ከረጢት ውስጥ ከተቱት። ጤዛ አለ። ጤዛው ሲደርቅ ፀሐዩ በረታ፤ ማጣበቂያው ይላላል። ፀሐዩ ሲበርድ ነፋስ መጣ። ነፋሱ ቆሞ ሐይቁ እንደ መስታወት ሲረጋ ደግሞ ሐኪሙ በሥጋት ራሳቸውን ነቀነቁና፣ ዓሣው እንደዚህ ጸጥ ካለ አንድ ነገር ቢያስብ ነው አሉ። ሁለቱም በአንድ ድምፅ ሁኔታው ለትግበራ አመቺ አለመሆኑን አረጋገጡ። ዋናው እውነት ግን ሌላ ነበር፤ ቫርኒሽ ያልነካው ብርማ ክር ውሃ ከነካው ይጠቁራል። ኃላፊው ዘንጉን እንደ ሕፃን አቅፈው ከውሃው ራቅ ብለው ተቀመጡ።

እህቴ ከሥራ ቦርሳዋ ጋር ነበር የመጣችው። የቀሚሱን ጠርዝ ስትሰፋ ቆየችና ሰለቻት። ቀሚሱን አጣጥፋ ቦርሳው ውስጥ ከተተች። ቀጥላ ጨርቅ የምትለካበትን የእንጨት ሜትር አወጣች፤ ጫፉ ላይ የጂንስ ሱሪ መስፊያ ወፍራም ክር አሰረች፤ ስፒል በጥርሷ ቆለመመች፤ ከባሏ ኮት ላይ የቡሽ ፍርፋሪ ለቅማ ተንሳፋፊ አደረገችው፤ ስፒሉ ላይ የዳቦ ልብ ሰካች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አሉ ኃላፊው።

«ምንም። ዝም ብሎ ከመዋል ይሻላል ብዬ ነው።»

ሁለቱ ጠቢባን ተያይተው ሳቁ። ሐኪሙ የዚህን ዓይነቱን መሣሪያ ጉድለት ማስረዳት ጀመሩ፤ መታጠፍ አያውቅም፣ ሚዛን የለውም፣ ቀለበት የለውም። ገና ስለ እጀታው ሳይደርሱ ቡሹ ጥልቅ አለ። እህቴ ሜትሩን ብድግ አደረገችው፤ ዓሣ ሣሩ ላይ ወደቀና ይፈራገጥ ጀመር። እኔ ጮህኩ። እሷ ግን እንደ ደንበኛ በእጇ አረጋግታ በዚያው በሜትሩ ለካችው። ሃያ ሁለት ሳንቲ ሆነ። አጥማጅ ሊያጋንነው ያልቻለው የመጀመሪያው ዓሣ ይመስለኛል።

ኃላፊውን አየኋቸው። መጀመሪያ ፊታቸው ጥቁር አለ። ቀጥሎ አንድ ነገር ትዝ ያላቸው ይመስል ቀስ እያለ በራ። ተነሡ፤ ኮታቸውን ቆለፉ።

«ዓሣ ተይዟል» አሉ።

«የያዝኩት እኔ ነኝ» አለች እህቴ።

«ማን ከያዘ አላልንም። ከተያዘ ነው ያልነው። ምስክር አለ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። የእናቴን ልጅ መክዳት አልፈለግሁም፤ ነገር ግን የተባለው «ከተያዘ» ነበር፤ አንገቴን ደፍቼ «ተብሏል» አልኩ። ሐኪሙ የጓደኛቸውን እጅ ጨብጠው እንኳን ደስ ያለህ አሉ። እህቴ ስፒሉን ከዓሣው አፍ በጥንቃቄ አላቀቀችና ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «እሺ፣ ትረከባለህ» አለች። ይህን ለስላሳ «እሺ» ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ስሰማው ከቤት እወጣ ነበር።

ርክክቡ ማታውኑ ተፈጸመ። እህቴ ጠረጴዛውን በንጹህ ጨርቅ ወለወለችና መቀሱን፣ መርፌውን፣ ካውያውን አንድ በአንድ አስቀመጠችላቸው። በመጨረሻ የሙሽራዋን ቀሚስ ጀርባውን ወደ ላይ አድርጋ ዘረጋችው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ ኃላፊው።

«ሙሉ ኃላፊነቱ ነዋ። ሙሽሪት ሐሙስ ትመጣለች።»

«ይሄማ... ትግበራ እኮ ነው።»

«ጠረጴዛው ላይ ያለ ሁሉ ያንተ ክፍል ነው» አለችና ዓሣዋን ልትጠብስ ወደ ማድ ቤት ገባች። ሽታው ሲመጣ ኃላፊው አፍንጫቸውን ይዘው መስኮቱ ጋ ሄዱ፤ ተመልሰውም ቀሚሱን አዩት፤ እኔንም አዩኝ። እኔ በዚህ ጊዜ ጣሪያውን እመረምር ነበር።

ክሩ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ቁንጮውን ዘንግ ከግድግዳው አወረዱ። የመጀመሪያውን ቀለበት ሲፈቱ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አሳዘኑኝ። ብርማው ክር እየተፈታ ወደ ጥቅሉ ሲመለስ ቀለበቶቹ አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ወደቁ። የዘንጎች ሁሉ ቁንጮ የተባለው እህቴ እንዳለችው እንጨት ሆነ።

ከዚያ በኋላ ግን ማንም ያልጠበቀው ነገር መጣ። እህቴ አንዱን የቁልፍ ቀዳዳ ሠርታ አሳየቻቸውና ሁለተኛውን እሳቸው ሞከሩ። ቀጭን ክር አንዱን ዙር ከአንዱ ሳያነባብር አጠጋግቶ መጠምጠም የለመደ ጣት ነው፤ ስፌቱ እንደ ታተመ ሆኖ ወጣ። እህቴ መብራቱ ሥር አስጠግታ አየችው፣ ገልብጣ አየችው፣ ከዚያም መርፌውን መልሳ ሰጠቻቸው። እሳቸውም ከመሥሪያ ቤት በገቡ ቁጥር ራት ሳይበሉ ጠረጴዛው ላይ ማቀርቀር ጀመሩ። እኔ ስመጣ እንኳን «አዙር» የሚለኝ ጠፋ።

ሐሙስ ሙሽሪት ከእናቷ ጋር መጣች። ቀሚሱን ለብሳ መስታወቱ ፊት ስትዞር እናትየዋ የጀርባዋን ቁልፎች እየዳበሰች ዓይኗን ጠረገች።

«ይሄን ቀዳዳ ማነው የዘመዘመው?» አለች። «እንዲህ ያለ እጅ አይቼ አላውቅም።»

ኃላፊው ጠረጴዛው አጠገብ ቆመዋል። በሕይወታቸው ሰው የሚለብሰው፣ የሚጨፈርበት፣ የሚቆሽሽ ነገር ሲሠሩ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ደረታቸው ተነፋ፣ ጆሯቸው ቀላ፣ «እኔ» ለማለት አፋቸውን ከፈቱ።

«ተዘምዝሟል» አለች እህቴ ቀድማ።

«እኮ፣ ማን?»

«እዚህ ቤት ማን አይባልም።»

ኃላፊው አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። የመጨረሻውን ቀዳዳ ሲጨርሱ በጥርሳቸው የበጠሱት የብርማ ክር ቁራጭ ከንፈራቸው ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። እህቴ ጠጋ ብላ ጫፉን በሁለት ጣቷ ያዘችና ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው።